ዳኝነቱን ለባለቤቱ ስጡት

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በቴሌቪዥን ዜና ክፍል ውስጥ ነው። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ወደ ሙያው የምትገቡ ልጆች ስታገኙኝ "ከማን እንማር?" ትሉኛላችሁ። እኔ ደጋግሜ የምጠራላችሁ ስም ግን የጋዜጠኛ ስም አይደለም፤ የአንዲት የሕዝብ እንደራሴ ነው። ወይዘሮ ዊልማ ኒውሃውት-ድሩኸን ይባላሉ። ደቡብ አፍሪካዊት ናቸው። መስማት የተሳናቸው ሴት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 የአገራቸው ፓርላማ አባል ሆኑ። በኋላም የዓለም መስማት የተሳናቸው ፌዴሬሽን ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል።

ለምን እሳቸውን እንደመረጥኩ አንድ ቀን ልጥቀስላችሁ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 2013 ነው። ጆሃንስበርግ ትልቁ ስታዲየም ውስጥ የኔልሰን ማንዴላ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ይካሄዳል። ዝናብ ይዘንባል። የዓለም መሪዎች ተሰብስበዋል። ባራክ ኦባማ ሲናገሩ አጠገባቸው አንድ ሰው ቆሞ እጆቹን ያንቀሳቅሳል። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ተብሎ ነው የቆመው። በዓለም ዙሪያ ሕዝብ አየው። በየጣቢያው ያለን ባለሙያዎችም አየነው። ለሚሰማ ሰው ነገሩ ሁሉ የተሟላ ይመስል ነበር። ተናጋሪ አለ፣ አስተርጓሚም አለ።

ሰውየው ግን የሚያስተረጉመው ነገር አልነበረም። እጁ ይንቀሳቀሳል እንጂ ትርጉም የለውም። ይህን ወዲያው ያወቁት መስማት የተሳናቸው ተመልካቾች ናቸው። ወይዘሮ ዊልማ በዚያው ቀን ትዊተር ላይ በግልጽ ተቃወሙ። ነውር ነው አሉ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ዝግጅቱ የመንግሥት ነው፤ መንግሥቱን የሚመራው ደግሞ የራሳቸው ፓርቲ፣ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ (ኤኤንሲ) ነው። የሟቹም ፓርቲ ነው። ቀኑ የለቅሶ ቀን ነው። "ዛሬስ ይለፍ" ለማለት ከዚህ የበለጠ ምክንያት ከየት ይመጣል? እሳቸው ግን አላለፉትም። ለዚህ ነው የማከብራቸው።

ወዲያው የአካል ጉዳተኞችን ጉዳይ የያዘው ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር ሄንድሪየታ ቦጎፓኔ-ዙሉ ወጥተው ይቅርታ ጠየቁ። እሳቸውም የማየት ጉዳት ያለባቸው ሴት ናቸው። ለሰውየው የተከፈለው በቀን 800 ራንድ እንደነበር፣ የተለመደው ክፍያ ግን ከ1,300 እስከ 1,700 ራንድ እንደሆነ ተናገሩ። አስተርጓሚ በየ20 ደቂቃው መቀያየር እንዳለበትም አስረዱ። ዋጋው ብቻ እንኳ "ይሄ ነገር እንዴት ነው?" ሊያስብል በተገባ ነበር።

አባቶች "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" ይላሉ። ከሥነ ሥርዓቱ በፊት አንድ መስማት የተሳነው ሰው ለአምስት ደቂቃ ቢያየው ኖሮ ያ ሰው እዚያ መድረክ ላይ አይቆምም ነበር። እኛ የምንሰማ ሰዎች ግን የእጁን እንቅስቃሴ አይተን "ተሟልቷል" አልን። አገልግሎቱ ጥሩ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የፈረድነው የማንጠቀምበት ሰዎች ነን።

ይህን የምጽፍላችሁ የሩቅ አገር ታሪክ ለማውራት አይደለም። ዛሬ የምትሠሩበት ጣቢያ ዜና ሲያሰራጭ ስክሪኑ ጥግ ላይ አስተርጓሚ ይኖር ይሆናል። መኖሩ ጥሩ ነው። ለዚህም ብዙ ሰው ደክሟል። አሁን ግን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ሳጥኑ ምን ያህል ነው? የምልክት ቋንቋ በእጅ ብቻ አይነገርም፤ ፊትም ይናገራል፤ ቅንድብና አፍም ሥራ አላቸው። በትንሽ ቴሌቪዥን ላይ የአስተርጓሚዋ ፊት የማይለይ ከሆነ ግማሹ ዜና ጠፍቷል። ከታች የሚሮጠው ጽሑፍ እጇን ይሸፍን ይሆን? የለበሰችው ልብስ ከቆዳዋ ቀለም ጋር ይመሳሰላል? ዜናው የሚደርሳት መቼ ነው? ስቱዲዮ ስትገባ ከሆነ፣ የሰውና የቦታ ስም እንዴት አድርጋ ታዘጋጅ? በእኛ አገር የምልክት ቋንቋ ስም በፊደል ይጻፋል። ለእያንዳንዱ ፊደል የእጅ ቅርጽ አለው፤ ግዕዙን፣ ካዕቡን እስከ ሳብዑ ድረስ የሚለየው የእጁ እንቅስቃሴ ነው። ያማረ ሥርዓት ነው፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ዜና አንባቢው በጥድፊያ ባለሥልጣን ከነማዕረጉ ሲጠራ እሷ ወደ ኋላ ትቀራለች። ጽሑፉን ቀደም ብላችሁ ስጧት። ወጪ የለውም።

እነዚህን ጥያቄዎች እኔ ልዘርዝራቸው እንጂ መልሱን የሚያውቁት ተመልካቾቹ ናቸው። ስለዚህ ጠይቋቸው። አንድ መስማት የተሳነው ተመልካች ከጎናችሁ አስቀምጣችሁ የአንድ ቀን ዜና አብራችሁ እዩ። አስተርጓሚ ይዛችሁ፣ ያልገባውን እንዲነግራችሁ ለምኑት። ከማንኛውም የስብሰባ ሪፖርት የበለጠ ትማራላችሁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ተማሪዎችን ያስተምራል። ስትቀጥሩ እነሱን አስቡ። ደግሞ አስተርጓሚ ብቻ አትቅጠሩ። መስማት የተሳነው ኤዲተር፣ ካሜራማን፣ ፕሮዲዩሰር ለምን አይኖራችሁም?

ስለ ዓይነ ስውራንም እንዲሁ ነው። "ስልክ ቁጥሩን ስክሪኑ ላይ ይመልከቱ" የሚል ማስታወቂያ በሰማሁ ቁጥር እናደዳለሁ። ቁጥሩን አፍ አውጥቶ መናገር ምን ይከብዳል? ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ በወረቀት ይታተማል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ከዚያ ፎቶ ተነስቶ ይለጠፋል። ዓይነ ስውሩ ወጣት ስልኩ ላይ ጽሑፍ የሚያነብለት መተግበሪያ አለው፤ ፎቶ ሲሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። የሥራ ማስታወቂያው አመለጠው ማለት ነው። እናንተ ገጹን የምታስተዳድሩ ከሆነ ከፎቶው ሥር ጽሑፉን ጻፉት። ይህን ለማድረግ የማንም ፈቃድ አያስፈልጋችሁም።

ወደ ወይዘሮ ዊልማ ልመለስ። ብዙ ሰው ስማቸውን የሚያውቀው ከዚያ የማንዴላ መታሰቢያ ጋር ነው። እኔን የበለጠ የሚማርከኝ ግን ካሜራ የማይገኝበት ሥራቸው ነው። ፓርላማ ውስጥ የኮሙኒኬሽን ኮሚቴ አባል ነበሩ። የብሮድካስት ጉዳይ የሚታየው እዚያ ነው። ሥራው ዓመታዊ ሪፖርትና በጀት አገላብጦ መጠየቅ ነው። አሰልቺ ነው። ግን ለግርጌ ጽሑፍና ለምልክት ቋንቋ ገንዘብ የሚገኘው ወይም የሚቀረው እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ነው። የደቡብ አፍሪካን ድራማዎች አስቡ። አንድ ድራማ ውስጥ ብዙ ቋንቋ ይነገራል፤ በእንግሊዝኛ ያልሆነው ንግግር ከግርጌ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ለሚሰማ ተመልካች በቂ ነው። መስማት ለተሳነው ግን ገጸ ባህርያቱ ወደ እንግሊዝኛ በገቡ ቁጥር ጽሑፉ ይጠፋል፤ ንግግሩም አብሮ ይጠፋል። ይህን ክፍተት በቀላሉ የሚያየው ችግሩ የደረሰበት ሰው ነው። ስለዚህም ነው እንዲህ ዓይነት ሰው ኮሚቴው ውስጥ መቀመጥ ያለበት።

ጊዜ እንደሚወስድም እወቁ። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1996 ሲጸድቅ 11 ኦፊሴላዊ ቋንቋዎችን ዘረዘረ። የምልክት ቋንቋ በሰነዱ ውስጥ ተጠቅሷል፤ የአገሪቱ የቋንቋ ቦርድ እንዲያሳድገው ተብሎ ነው። ከ11ዱ ግን አልተቆጠረም። 12ኛው የሆነው ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎሳ እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2023 ሕገ መንግሥቱን የሚያሻሽለውን ሕግ ሲፈርሙ ነው። ወይዘሮ ዊልማ ፓርላማ ከገቡ 24 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በመካከሉ የመስማት የተሳናቸው ማኅበራት፣ መምህራንና ወላጆች ሁሉ ሲታገሉ ኖረዋል። ጎረቤታችን ኬንያም አለች። ዓይነ ስውሯ ሴናተር ክሪስታል አሲጌ ያቀረቡት የአካል ጉዳተኞች ረቂቅ እ.ኤ.አ. በ2025 ሕግ ሆኖ የ2003ቱን ሕግ ተክቷል።

ከእናንተ መካከል ሕግ የምታጠኑና ወደ ምክር ቤት የምታስቡ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ በተለይ ሴቶቹ። ለእናንተ አንድ የሕግ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ አገር ስለ አካል ጉዳተኞች ሲነሳ ሁሉም የሚጠቅሰው የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 41 ነው። አንቀጹ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን እንዲረዳቸው ይላል። ጥሩ ነው፤ ግን የእርዳታ ቋንቋ ነው፤ "አቅም የለኝም" ለሚል መልስም በር ይከፍታል። እኔ ብሆን ክርክሬን የምጀምረው ከአንቀጽ 29 ነው። ማንኛውም ሰው መረጃ የማግኘት ነፃነት አለው ይላል። ከዚያ ወደ አንቀጽ 5 እሄዳለሁ። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት ዕውቅና አላቸው ይላል። በዚህ አገር ልጆች የሚነገር፣ የራሱ ፊደል ያለው የምልክት ቋንቋ ከእነዚህ ቋንቋዎች የሚወጣው በምን ምክንያት ነው? ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም አለ። የስምምነቱ አንቀጽ 21 መገናኛ ብዙኃን አገልግሎታቸውን ተደራሽ እንዲያደርጉ መንግሥታት እንዲያበረታቱ ይጠይቃል፤ አንቀጽ 30 ስለ ቴሌቪዥን ፕሮግራሞችና ስለ ፊልም በስም ያነሳል። እነዚህን አንቀጾች አንብቧቸው። የሚያከራክሩ ናቸው፤ ተከራከሩባቸው።

ጣቢያ ውስጥም ሆነ ምክር ቤት ውስጥ በጀት ሲደለደል የአስተርጓሚና የግርጌ ጽሑፍ ወጪ መጨረሻ ላይ ይጻፋል፣ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ ይሰረዛል። አንድ ቀን ብዕሩ በእናንተ እጅ ይሆናል። ያን ቀን ከመሰረዛችሁ በፊት ወደ መስማት የተሳናቸው ማኅበርና ወደ ዓይነ ስውራን ማኅበር መልእክት ላኩ። ምን እንደሚያጡ ራሳቸው ይንገሯችሁ። መልሳቸውንም ከበጀት ሰነዱ ጋር አያይዙት።

በፍቅር፣
የዜና ክፍል እናታችሁ