የአያትህን ወርቅ ለወርቅ ቤት አታሳይ

ከአያትህ ሣጥን የወጣውን፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለበትን ወርቅ «ሳንቲም ነው ወይስ ሜዳሊያ? ፍኖተ ሰላም ወርቅ ቤት ላሳየው?» ብለህ የጠየቅኸው ወንድሜ፣ ወርቅ ቤት ድርሽ እንዳትል። የእኔም ከአባቴ ሣጥን፣ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ተቋጥሮ የወጣ ነውና ነገሩን አውቀዋለሁ።

1. የብር ዋጋ ተጽፎበት እንደሆነ ተመልከት። ሰብሳቢዎች ሳንቲም የሚሉት መንግሥት ሕጋዊ ገንዘብ ብሎ ያወጣውን ነው፤ ማንም ይዞት ገበያ ባይወጣም። ሜዳሊያ ለመታሰቢያ ብቻ የሚመታ ነው፤ መንግሥትም ሆነ የግል ድርጅት ሊያስመታው ይችላል፣ የገንዘብ ዋጋም የለውም። በእርግጥ ክሩገርራንድ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ የወርቅ ሳንቲም ዋጋ ሳይጻፍበት ሕጋዊ ገንዘብ ነው፤ አንተን ግን እርሱ አይመለከትህም። ጥብጣብ ያለው ከሆነ ደግሞ ከሁለቱም ተለይቶ ከኒሻኖች ጋር ይመደባል።

2. መዝነው። በ1958 ዓ.ም. የወጡት የንጉሠ ነገሥቱ የወርቅ ሳንቲሞች ባለ 10፣ 20፣ 50፣ 100 እና 200 ብር ናቸው። ክብደታቸው በቅደም ተከተል 4፣ 8፣ 20፣ 40 እና 80 ግራም ነው፤ ለአንድ ብር 0.4 ግራም መሆኑ ነው። የወርቁ ጥራት ከሺህ 900፣ ማለትም 21.6 ካራት ነው። ይህን በወረቀት ጽፌ ባልይዝ ኖሮ ባሕር ዳር ላይ ጉድ ሆኜ ነበር። የእኔ ባለ 50 ነው። የወርቅ ቤቱ ባለቤት መዘነው፤ ልክ 20 ግራም። «ሃያ ሁለት ካራት አይሞላም፣ በስብርባሪ ሒሳብ ልውሰደው» እያለ ሞረዱን አነሣ። ጠርዙ ላይ ሊያሳርፈው ሲል እጁን ያዝሁት። ወረቀቱን ባሳየው «ሳንቲም ከሆነማ ባንክ ውሰደው!» ብሎ ሣቀብኝ።

እኔም እልኸኛ ነኝ፣ ወሰድሁት። የባንኩ ሠራተኛ አገላብጦ አየና «ሃምሳ ብር ይላል፤ ሃምሳ ብር ሒሳብዎ ውስጥ ላስገባልዎ?» አለኝ። ሲቀልድ እንዳይመስልህ፤ የገቢ ወረቀት ሁሉ አውጥቶ ነበር!

3. እንዳትወለውለው። ሎሚ፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙና የሚሉህን አትስማ። ለሰብሳቢ ተብሎ የተመታ ሳንቲም ፊቱ እንደ መስተዋት ነው፤ አንድ ጊዜ ከተፈተገ የጭረቱ መስመር አይጠፋም። ጠርዙን ብቻ በሁለት ጣት ያዘው። እኅትህ ወይም እጮኛህ ማንጠልጠያ አስበይደን አንገት ላይ እናድርገው ካሉህም እንቢ በል። እኔ በዚህ ጉዳይ ከገዛ እናቴ ጋር ተኳርፌአለሁ፤ እርሷ ባለ ማርያ ቴሬዛውን የአንገት ጌጥ እያየች ያደገች ናት፣ አልፈርድባትም። ብየዳ የነካው ሳንቲም ግን ሰብሳቢ ዘንድ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈልበት የወርቁ ክብደት ብቻ ነው።

ሜዳሊያ ቢሆንም አትዘን። ብዙው በክብደቱ ይሸጣል፣ በጥቂቱ የተመታው ግን ከሳንቲም ሊበልጥ ይችላል። አሁን ሁለቱንም ፊት፣ ጠርዙንና የሚዛኑን ቁጥር ፎቶ አንሥተህ ለጥፍልን። በስልክ ዋጋ የሚጠሩልህ ይመጣሉ፤ ለማንም ቁርጥ እንዳትሰጥ።