ካርታው 4 ሜትር እያለ 7 ሜትር ሞገድ ለምን መጣ?

በጭነት መርከብ ላይ ሁለተኛ መኮንን የሆነ ወጣት ጥያቄ ልኮልኛል። በሐምሌ ከጅቡቲ ወደ ሙምባይ ሲጓዙ፣ የሶኮትራን ደሴት እንዳለፉ፣ በሳተላይት መረጃ የተሠራው የሞገድ ካርታ 4 ሜትር ይል ነበር። የመታቸው ግን 7 ሜትር የሚሆን ሞገድ ነው። «ሳተላይቱ ተሳስቶ ይሆን?» ይላል።

ወንድሜ፣ ካርታው ሳይሳሳትም ይህ ይሆናል። ያ 4 ሜትር የትልቁ ሞገድ ቁመት አይደለም፤ ከሞገዶቹ ሁሉ የረጃጅሞቹ አንድ ሦስተኛ አማካይ ነው። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የዚያን እጥፍ የሚጠጋ ሞገድ ብቅ ማለቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ 4 ስታነብ ለ8 ተዘጋጅ፤ የኮንቴይነር ማሰሪያውም በዚያው ልክ ይፈተሽ።

ሌላው የሽፋን ጉዳይ ነው። ሴንቲነል-6 የተባለው ሳተላይት ከ1,336 ኪሎ ሜትር ከፍታ የራዳር ምልክት ልኮ፣ ከባሕሩ ከሚመለሰው ምልክት ቅርጽ የሞገዱን ቁመት ያወጣል። ደመና አያግደውም፤ በዝናቡ ወራት ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚለካው ግን ከሥሩ ያለውን ቀጭን መስመር ብቻ ነው። በምድር ወገብ ላይ ከአንዱ መስመር እስከ ሌላው 315 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ወደዚያው መስመር የሚመለሰውም በ10 ቀን ገደማ ነው። ሌሎች ሳተላይቶች ቢያግዙትም፣ በካርታው ላይ በቀለም የተሞላው አብዛኛው ቦታ የኮምፒውተር ስሌት ነው።

ስሌቱን በነፋሱ ፈትነው። በሜቶፕ ሳተላይቶች ላይ ያለው አስካት የተባለ ራዳር የባሕሩን ነፋስ በግራም በቀኝም 550 ኪሎ ሜትር በሚሰፋ ሰቅ ይለካል። የለካው ነፋስ ከትንበያው ከበረታ፣ የሞገዱንም ቁጥር አትመነው።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ያልጠየቅኸኝ ነው። በዚያ መንገድ የደቡብ ምዕራቡ ሞገድ የሚመጣው ከኋላህ ነው። ሞገዶቹ መርከቧን የሚያገኙበት የጊዜ ልዩነት ከመርከቧ የመወዛወዣ ጊዜ (ወደ አንድ ጎን ተዘንብላ፣ ወደ ሌላው ዞራ እስክትመለስ ከሚፈጀው) ጋር እኩል ከሆነ ወይም ወደ ግማሹ ከተጠጋ፣ 4 ሜትሩም ክፉኛ ያንገላታችኋል። በካርታው ላይ ከቁመቱ አጠገብ የተጻፈውን ሴኮንድ (በሞገዶቹ መካከል ያለውን ጊዜ) እና አቅጣጫ ሳታይ አትለፍ። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ መቼ ፍጥነት እንደሚቀነስ፣ መቼ አቅጣጫ እንደሚለወጥ ያሳያል፤ ከካፒቴንህ ጋር አንብቡት። ጭነት በተለወጠ ቁጥርም የመርከቧን የመወዛወዣ ጊዜ ለክተህ ብሪጁ (መርከቧ የሚመራበት ክፍል) ላይ ለጥፈው።