መልስ፦ ዶሮዎቼን ከታኅሣሥ ውርጭ እንዴት ላድን?

እህቴ፣ የደብረ ብርሃን ሌሊት ሲከፋ የዶሮ ቤቱን በላስቲክ ግጥም አድርጌ ልድፈነው ወይስ ከሰል ላስገባ ብለሻል። አደራ፣ ሁለቱንም አታድርጊ። የከሰል ጭስ ባይታይም በተዘጋ ቤት ውስጥ ይገድላል።

ዶሮ ላባዋን ነፍታ ብርዱን ትችለዋለች። የሚጎዳት እርጥበቱ ነው። ከትንፋሿና ከኩሷ የሚወጣው እርጥበት መውጫ ካጣ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠብባታል። እኔ መንዝ እያለሁ ቀዳዳውን ሁሉ በጭቃ መረግሁት። ጠዋት ስከፍተው ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ቆርቆሮው ውሃ አዝሏል። የአውራው ዶሮ ራስ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ጫፉ ጠቁሯል። አንጀቴን በላኝ። ስለዚህ ከቆጡ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር የአየር መውጫ ተዪ። እነሱ በሚያድሩበት ቁመት ግን ነፋስ እንዳይገባ ድፈኚ።

ወለሉ ላይ ደረቅ ጭድ ስንዝር ያህል ጎዝጉዢ፣ የረጠበውን በየቀኑ አውጪ። ቆጡ ጠፍጣፋ እንጨት ይሁን፤ ስትቀመጥ ጣቶቿን በሆዷ ላባ ትሸፍናቸዋለች። ማታ ከመግባታቸው በፊት ገብስ በትኚላቸው፣ ሌሊቱን ሲፈጭ ያሞቃቸዋል። ጠዋት ውሃው በረዶ ከያዘ ለብ ባለ ቀይሪላቸው።

ጫጩት ካለሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። ሰፈርሽ መብራት የሚጠፋ ከሆነ አዲስ ጫጩት ለማስገባት ጥር እስኪያልፍ ብትጠብቂ ይሻላል። ያሉሽ ስንት ሳምንታቸው ነው?