ከለቅሶው በፊት ያሉት ወራት

በአሜሪካ ከ20 ዓመት በላይ ስኖር ያልደረስኩት የወገን ለቅሶ ጥቂት ነው። አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመሸኘት በሁለት ቀን ገንዘብ አዋጥተን የምንጨርስ ሰዎች፣ ታማሚው በሕይወት ሳለ የቀሩትን ወራት እንዴት ማሳለፍ እንደሚሻ ለመጠየቅ ግን ድፍረት እናጣለን።

1. ወረቀቱ። ታማሚው መናገር ሲሳነው ስለ ሕክምናው የሚወስንለትን ሰው፣ አእምሮው ሳይደክም በጽሑፍ ይሰይም። ቅጹ እንደየግዛቱ ስለሚለያይ የሆስፒታሉን ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ ድጋፍ ባለሙያ) ጠይቁ።

2. ሆስፒስ። ብዙዎቻችን ቃሉን ስንሰማ ሐኪሞቹ በሽተኛውን ሊጥሉብን እንደሆነ እንቆጥራለን። ሆስፒስ በሽታውን ለማጥፋት የሚደረገው ሕክምና ቀርቶ ሥቃይን የማስታገስ፣ ታማሚውንና ቤተሰቡን የመደገፍ አገልግሎት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠውም በታማሚው ቤት ነው። ሜዲኬር በሚባለው፣ በዋናነት ለአረጋውያን በሆነው የመንግሥት የጤና መድን ሆስፒስ ለመግባት፣ ሕመሙ በያዘው መንገድ ከቀጠለ ታማሚው የሚኖረው 6 ወር ወይም ከዚያ ያነሰ እንደሆነ ሐኪሞች ማረጋገጥ አለባቸው፤ 6 ወሩ ቢያልፍም ሐኪም ዳግመኛ እያረጋገጠ ይራዘማል፣ ታማሚው ሐሳቡን ከለወጠም ወደ ቀድሞ ሕክምናው መመለስ ይችላል። አልጋው፣ ኦክስጅኑና ማስታገሻው ቤት ድረስ ይመጣል፤ ነርሷ ግን ቀኑን ሙሉ አጠገባችሁ አትቀመጥም። ማገላበጡ፣ ማጠቡና ማጉረሱ በእናንተ ላይ ስለሚወድቅ ሁሉንም ለአንዲት ሴት ልጅ ጥላችሁ አትጥፉ፤ ተራ አውጡ። ሞርፊን ሱስ ያስይዛል ብላችሁም የታዘዘውን መጠን እየቀነሳችሁ ሰው አታሠቃዩ።

3. መደበቁ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሐኪሙ የተናገረውን ልጅ ያስተረጉማል፤ ልጁም «ትንሽ ደም አንሶሻል ነው የሚሉት» ይላል፤ እናት የራሷን ሕመም ሳታውቅ ትቀራለች። ሆስፒታሉ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታው ነውና ጠይቁ፤ በተለይ ታዳጊ ልጃችሁን በአያቱ ሞት መካከል አታቁሙት።

ባህላችን ነው አትበሉኝ። በባህላችን መርዶ እንኳ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰዓት ተመርጦ ይነገራል እንጂ ተቀብሮ አይቀርም። የንስሐ አባቷ ወይም የምታከብሩት ሼኽ ባሉበት «ስለ ሕመምሽ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። «ለእኔ አትንገሩኝ፣ ለልጄ ንገሩት» ካለችም መብቷ ነው፤ ምርጫው ግን የእርሷ ይሁን። ያወቀ ሰው ይናዘዛል፣ ይቆርባል፣ ዕዳውን ይናገራል፣ የት መቀበር እንደሚፈልግ ይወስናል።

እኔ ይህን የምጽፈው እናቴን ስለ ዋሸሁ ነው። ካንሰሩ ጉበቷ ላይ ሲደርስ ሐኪሙ ሆስፒስን ቢያነሣ፣ እኔና ወንድሞቼ ተቆጥተን አባረርነው። እርሷን «ትድኛለሽ» እያልን ሦስት ወር አንገላታናት፤ ያረፈችውም ቱቦ በአፏ ገብቶ መናገር በማትችልበት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ነበር። ጎንደር ካለችው ታናሽ እህቷ ጋር በርስት ተጣልተው ዓመታት ሳይነጋገሩ ቆይተው ነበርና፣ በሕመሟ መጀመሪያ ላይ «እንደውልላት?» ብላት «ስድን ራሴ ሄጄ እታረቃታለሁ» አለችኝ። እንደማትድን እያወቅሁ ዝም አልኩ። አክስቴ አሁንም በደወልኩላት ቁጥር፣ እናቴ ስሟን አንሥታ እንደ ነበር ትጠይቀኛለች።