ባንክ ቤት ነበሩ፤ ብር ግን አልቆጠሩም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የአዘዞ ልጅ ነኝ፤ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ስሠራ አራተኛ ዓመቴ ነው። ኬፕ ቨርዴ ለዓለም ዋንጫ ያለፈች ሰሞን ወንድሜ «የነሱ ጠቅላይ ሚኒስትር እኮ እንዳንቺው ባንክ ቤት ነበር» ቢል ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀብኝ። ይኸው እስከ ዛሬ «ክብርት ሚኒስትር፣ ቡና አፍዪልን» እባላለሁ። እውነት ነው? የባንክ ሰው አገር መምራት ይችላል? እባክዎ ይንገሩኝ።

መልስ፦ ልጄ፣ ወንድምሽ ግማሹን አግኝቶታል። ኬፕ ቨርዴን እኛ ጎንደሬዎች የምናውቃት በቁጭት ነው፤ በ2014 ዓ.ም. ጥር ላይ ያውንዴ ውስጥ የፋሲሉ ያሬድ ባየህ ገና በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ወጥቶ 1 ለ 0 የተሸነፍንላት አገር ናት። አሥር ደሴት፣ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰው።

ወንድምሽ ያላቸው ሰው፣ ኡሊሴስ ኮሬያ ኢ ሲልቫ፣ ሊዝበን ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1994 በአገራቸው ብሔራዊ ባንክ የአስተዳደር ክፍል ኃላፊ ነበሩ። የአስተዳደር ኃላፊ እንዳንቺና እንደኔ ጣቱን ስፖንጅ ላይ እየነከረ ብር አይቆጥርም።

እኔ ቆጥሬያለሁ። ፒያሳ አካባቢ፣ ቅርንጫፉን ልተወውና፣ የሰሊጥ ወቅት ሲደርስ የመተማ ነጋዴ ብሩን በማዳበሪያ ጆንያ ጭኖ ከች ይላል። ኖቱ ላብና ዘይት ጠጥቶ ሁለቱ አንድ ይመስላል። አንድ የኅዳር ማታ ሒሳብ ስንዘጋ 400 ብር ጎደለኝ። አራት ጊዜ ቆጠርን፣ መሳቢያውን ገለበጥን፣ የለም። ከደመወዜ ተቆረጠ፤ ባለቤቴም የልጆቹን የገና ልብስ ለፋሲካ አሻገረችው።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ከባንኩ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ተሻገሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ሚኒስትር ሆኑ፤ በ2001 ፓርቲያቸው ተሸነፈ። እኔን ብትጠይቂኝ የሠራቸው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ በ2008 የዋና ከተማዋ የፕራያ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ፣ በ2012ም ተደገሙ። የባንክ ደንበኛ መስኮትሽ ድረስ መጥቶ ወረፋ ይይዛል። የከንቲባ ደንበኛ ግን መንገድ ላይ ነው የሚይዝሽ። ጄሪካን ደርድረን የአንገረብን ውኃ ስንጠብቅ ከንቲባ ቢያልፍ ምን እንደምንለው አንቺም ታውቂዋለሽ። በ2016 ፓርቲያቸው ከ72 መቀመጫ 40ውን ወስዶ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በ2021 በ38 ደገሙት።

ባንክ ምንም አልጠቀማቸውም ማለቴ አይደለም። ገንዘብ ሚኒስቴር በነበሩበት ዘመን፣ በ1998፣ የአገሪቱ ገንዘብ ኤስኩዶ ከፖርቱጋሉ ገንዘብ ጋር በቋሚ ምንዛሪ ታሰረ፤ በዓመቱ ደግሞ ከዩሮ ጋር፣ አንዱ ዩሮ በ110.265። እዚያ ከአገር ቤት ነዋሪው ይልቅ ውጭ ያለው ይበዛል፤ ከሊዝበን ወይም ከቦስተን የሚላክ ገንዘብ ብዙ ቤት ያቆማል። በ1999 እናቱ 100 ዩሮ ተልኮላት 11,026 ኤስኩዶ የተቀበለች ዛሬም ያንኑ ትቀበላለች። አንቺ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት መስኮትሽ ላይ ነበርሽ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር 74 ሲሆን ደንበኛው ምን እንዳለሽ ከኔ ይልቅ አንቺ ትነግሪኛለሽ። በርግጥ ያን ያህል ማሰር ዋጋ አለው፤ ችግር ሲመጣ የምንዛሪውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ መተንፈስ አይቻልም።

ሒሳብ ማወቅ ደግሞ ከስህተት አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2019 መንግሥታቸው የአገሪቱን አየር መንገድ 51 በመቶ ለአይስላንድ ኩባንያ በ1.3 ሚሊዮን ዩሮ ሸጠ። ኮሮና መጣ፣ ቱሪስቱ ቀረ፣ አውሮፕላኑ ቆመ፤ በ2021 መንግሥት ድርጅቱን መልሶ ወሰደው። ይኼ ጉድለት ከማንም ደመወዝ አልተቆረጠም። የኔ 400 ብር ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።