ሂፕኖሲስ አፍዝ አደንግዝ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከአዘዞ ነው። ሆዴን ካመመኝ አራት ዓመት ሆነኝ። ይነፋኛል፣ ይቆርጠኛል፣ አንድ ሰሞን ያስቀምጠኛል፣ አንድ ሰሞን ደግሞ ያደርቀኛል። ተመርምሬ ምንም አልተገኘብኝም። ሐኪሙ «አንጀትሽ ቶሎ የሚቆጣ ነው» አለኝ። መድኃኒቱም እምብዛም አልረዳኝም። እንግሊዝ አገር ያለው ወንድሜ በሂፕኖሲስ የምታክም ባለሙያ አግኝቶልኛል፤ በቪዲዮ ነው የምታክመኝ። እናቴ ግን «አፍዝ አደንግዝ ነው» ብላ አለቀሰች። ኃጢአት ነው ወይ? ጸበሉንስ ላቋርጥ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ እኅቴ። በእናትሽ አልፈርድም። እኔም ቃሉን መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ አማትቤአለሁ። ጎንደር ላይ ስለ አፍዝ አደንግዝ እየሰማን ነው ያደግን። እኛ የቆሎ ተማሪዎችማ በማናውቀው ስንታማ ኖረናል።

ስሙ ራሱ ያሳስታል። «ሂፕኖስ» በግሪክ እንቅልፍ ማለት ነው። ስሙን ያስለመደው ጄምስ ብሬይድ የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ፣ ማንችስተር ከተማ። ኋላ እንቅልፍ እንዳልሆነ ገብቶት ስሙን ሊቀይረው ሞከረ፤ ግን ሰው ለምዶታል። ከሱ በፊት ደግሞ መስመር የሚባል ሰው ፓሪስ ላይ «በእኔ በኩል የሚያልፍ ኃይል ይፈውሳል» ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1784 የፈረንሳይ ንጉሥ ያቋቋመው ኮሚሽን መረመረው። እንዲህ ያለ ኃይል የለም፣ የሠራው የሰዎቹ ምናብ ነው ተባለ። ይህን ለእናትሽ ንገሪያቸው። የሚያስፈራቸው ከአካሚዋ ወጥቶ አንቺ ላይ የሚሰፍር ነገር ነውና።

ታዲያ ምንድን ነው የሚሠራው? ቅኔ ቤት የነበረ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ተማሪው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ስሙን ብትጠሪው አይሰማሽም። ብርዱም ረኃቡም ይጠፋዋል። አልተኛም፣ አልፈዘዘም፤ ልቡ አንድ ነገር ላይ ተሰብስቧል። ሂፕኖሲስ ይህን የልብ መሰብሰብ ለሕክምና መጠቀም ነው። (ቅኔና ሂፕኖሲስ አንድ ናቸው አላልኩም፤ የቅኔ መምህሬ ቢሰሙኝ ያባርሩኛል።)

ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ። ቀስ ብለሽ ትተነፍሻለሽ። ባለሙያዋ እየቆጠረች፣ በለሰለሰ ድምፅ እየመራች ታረጋጋሻለች። ከዚያ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርገሽ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ሲገባ እንድታስቢ ትነግርሻለች። ወይም አንጀትሽን በዝግታ እንደሚወርድ ወንዝ እንድትስዪው። አንጀትና አእምሮ በነርቭ የተያያዙ ናቸው። ሰው ሲደነግጥ ሆዱ የሚገለበጠውም ለዚህ ነው። መንገዱ በጭንቀት የሚሠራ ከሆነ በመረጋጋትም ይሠራል። አብዛኛው ሰው የተባለውን ሁሉ ይሰማል፣ በኋላም ያስታውሳል። ካልፈለግሽ ዓይንሽን ገልጠሽ ትነሻለሽ። ሁሉም ሰው ደግሞ እኩል አይቀበለውም።

ለአንቺ ዓይነቱ ሕመም የረባ ማስረጃ አለው። እ.ኤ.አ. በ1984 እዚያው ማንችስተር ሌላ ሕክምና ያልሠራላቸው 30 ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ፣ ሂፕኖሲስ ያገኙት ከሌሎቹ በግልጽ ተሽሏቸዋል። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያም መድኃኒት 12 ወር ተሞክሮ ካልረዳ ይህን ማሰብ ይቻላል ይላል። ለሕመም ማስታገሻ፣ ጥርስ ለማስነቀል ለሚፈራም ይጠቅማል። ሲጋራ ያስተዋል የሚሉት ግን ማስረጃው ደካማ ነው። በአንድ ቀን እፈውሳለሁ የሚል ካጋጠመሽ ራቂው።

ወደ ኃጢአቱ ልምጣ። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 ድግምተኛን፣ ጠንቋይን፣ ሙታን ጠሪን ይከለክላል። የተከለከለው ከእግዚአብሔር ሌላ መንፈስ መጥራት ነው። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ለሆዱ ጥቂት ወይን ጠጅ ጠጣ ብሎታል፤ አየሽ፣ የሆድ ነገር ያኔም ነበረ። ሲራክም ሐኪምን አክብር ይላል፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና። ስለዚህ ለሆድሽ በዚህ መንገድ መታከምሽ ኃጢአት አይደለም።

ግን ሁለት ነገር። «ከመወለድሽ በፊት ወደኖርሽው ሕይወት ልመልስሽ» የሚሉ አሉ። እሱን እምቢ በይ። ሰው አንድ ጊዜ ይሞታል፣ ከዚያ በኋላ ፍርድ ነው፤ ዕብራውያን ምዕራፍ 9።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። «የተረሳ ትዝታ ላውጣልሽ» ከተባልሽ አይሆንም በይ። ሰው በዚያ ሁኔታ እያለ ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ ማስታወስ ይችላል። ከዚያ አባቱን ወይ ጎረቤቱን ይከሳል። ጠንቋይ «መድኃኒት ያደረገብሽ ከቤትሽ በስተምሥራቅ ያለችው ናት» ብሎ ሁለት ቤት ሲያጣላ ስንቱን አይተናል! ይሄ በነጭ ጋውን ስለመጣ አይሻልም።

ባለሙያዋ የሕክምና ወይም የሥነ ልቦና ትምህርት እንዳላት ወንድምሽ ያጣራ። ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማው ሰው ግን መጀመሪያ የአእምሮ ሐኪም ጋ ይሂድ። አንቺም ሰገራሽ ላይ ደም ካየሽ ወይም ከከሳሽ ነገ ዛሬ ሳትዪ ሆስፒታል ተመለሺ።

ጸበሉን ለምን ታቋርጫለሽ? ጠዋት ተጠምቀሽ ማታ ብትታከሚ የሚጋጭ ነገር የለም። ለንስሐ አባትሽም ንገሪያቸው። ስትጀምሪ «በስመ አብ» በይ፤ ባለሙያዋ ቅር የሚላት አይመስለኝም። «የምትረጋጊበትን ቦታ አስቢ» ስትልሽ ደግሞ የማታውቂውን የባሕር ዳርቻ መፈለግ የለብሽም። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ግቢ አስቢ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዛፎቹ ሥር።