ዋጋ ማታ ሲቆረጥ

ለደብረ ብርሃን፣ ለመንዝ፣ ለምንጃርና ለይፋት ልጆች

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ቤቴ መጣ። የጎረቤቴ የእህት ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ሲያጣ በቴሌግራም የእህል ዋጋ የሚነግር ቻናል ከፍቷል። በየወረዳው ገበያ ያሉ ጓደኞቹ ይደውሉለታል፣ እሱ ይጽፋል፤ ማንበብ የማይችለው ገበሬ ልጁን ወይም የልጅ ልጁን እያስነበበ ይከታተለዋል። «ጋሼ» አለኝ፣ «አንድ ትልቅ ገዢ ደመወዝ ልቁረጥልህ አለኝ። ዋጋውን ጠዋት ለእሱ ብቻ እንድልክለት፣ ለሕዝቡ ከሰዓት በኋላ እንድለቀው ነው የሚፈልገው። ምን ይመስልዎታል?»

ወዲያው አልመለስኩለትም። ቡናው እስኪደርስ ስለ ዝናቡና ስለ ውርጩ ሳወራው ቆየሁ። የጠየቀኝ ነገር ከሠላሳ ዓመት በፊት እኔ ራሴን መጠየቅ ሲገባኝ ዝም ብዬ ያለፍኩት ነበርና።

በ1985 ዓ.ም. የአንድ እህል ነጋዴ ሂሳብ ያዥ ሆኜ ተቀጠርኩ። ደመወዜ ጥሩ ነበር፣ ጌታውም ሰው አክባሪ ነበሩ። በየገበያው ዋዜማ ማታ ሌሎች ሦስት ነጋዴዎች እሳቸው ቤት ይመጣሉ። ምግብ ይበላል፣ ጨዋታ ይጫወታል፤ ከዚያ «ነገ ነጭ ጤፍ በዚህ፣ ስንዴ በዚህ፣ ባቄላ በዚህ» ይባላል። እኔ መዝገቤን ገልጬ እጽፋለሁ። ገበያው ገና ሳይቆም ዋጋው በእኔ እጅ ጽሕፈት ተቆርጦ ያድራል።

በማግስቱ ባላገሩ ከተጉለትና ከባሶ በሌሊት አህያውን ጭኖ ተነሥቶ ይደርሳል። አንደኛው ሱቅ ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ዘንድ ይሄዳል፣ ሦስተኛውን ይሞክራል። ሁሉም ዘንድ ዋጋው አንድ ነው። እህሉን መልሶ እንዳይወስድ አህያው ደክሟል፣ የማዳበሪያ ዕዳ ቀኑ ደርሷል፣ ለልጅ ደብተር ይገዛል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ እኔ ወዳለሁበት ጠረጴዛ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ዋጋው በየቤቱ አንድ የሆነው ለምንድን ነው?» አሉኝ። «ገበያ ነው፣ አባቴ» አልኳቸው። ማታ በገዛ እጄ የጻፍኩትን ቁጥር ጠዋት ገበያ ብዬ ጠራሁላቸው። እሳቸውም አምነውኝ ሸጡ። ዛሬም ያሳፍረኛል።

ያኔ ይህን የሚከለክል የውድድር ሕግ አልነበረም። የመጀመሪያው የንግድ አሠራር አዋጅ፣ ቁጥር 329፣ የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የምንሠራበት የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ በ2006 ዓ.ም. መጣ። ተፎካካሪ ነጋዴዎች ተመካክረው ዋጋ መወሰናቸውን በግልጽ ይከለክላል። ይህን ስታነቡ «ማን ያከብረዋል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፤ እኔ ግን የነበርኩበትን ዘመን ስላየሁ አዋጁ መኖሩ ብቻ ትልቅ ነገር መስሎ ይታየኛል። ዛሬ እንደ እኔ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ልጅ «ይህን አልጽፍም» ለማለት የሚደገፍበት ነገር አለው።

ከዚያ በፊት የነበረውንም ላንሣ፤ ውድድር የሚባለውን ነገር የጠሉ ወጣቶች ሲበዙ እያየሁ ነውና። በደርግ ጊዜ ገበሬው ከምርቱ የተወሰነውን በኮታ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ ማስረከብ ነበረበት። ምርቱ ሲጎድልበት ከገበያ በውድ ገዝቶ ኮታውን የሞላ ገበሬ ነበር። እህል ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው እንዳያልፍ ኬላ ይጠብቀዋል። በአብዮቱ መጀመሪያ ዓመታት የወጣ አዋጅ የግል ባለ ኢንዱስትሪ ከ500 ሺህ ብር በላይ ካፒታል እንዳይኖረው አግዶ ነበር፤ ሰው ማደግ ወንጀል መስሎት ገንዘቡን በማድጋ ቀበረ። የካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኬላው ተነሣ፣ ኮታው ቀረ፣ የምንጃር ጤፍ ወደ አዲስ አበባ ጎረፈ። እኛም ነጻ ወጣን አልን። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ዋጋ የሚቆርጠው መንግሥት ቀርቶ አራት ሰዎች ሆኑ። ለገበሬው ልዩነቱ የቱ ላይ ነው? እውነቱን ለመናገር ልዩነት ነበረ፤ አምስተኛ ነጋዴ ከአዲስ አበባ መኪና ይዞ የመጣ ቀን የማታው ስምምነት ይፈርሳል። እነዚያን ቀናት በመዝገቤ አውቃቸዋለሁ፤ ቁጥሩ ተሰርዞ ከላዩ የተጻፈባቸው ናቸው።

ከእነዚያ ስርዞች አንድ ነገር ተማርኩ፣ እስከ ዛሬም ይዤዋለሁ። ገበያ የሚባለው ደካማው ወገን ዋጋውን ማየት ሲችልና ካልተስማማው ሌላ ቦታ መሄድ ሲችል ነው። አንዱ ከጎደለ ሻጭና ገዢ ቢሞላበትም ገበያ አይደለም። አዋጅም ሆነ መተግበሪያ፣ የውጭ ባንክም ሆነ የአገር ፋብሪካ ሲመጣ እኔ የምመዝነው በዚህ ነው።

አባቴ መንዝ ውስጥ ባና ሸማኔ ነበር። እናቴ የበጉን ጠጉር አጥባ፣ ነድፋ፣ በእንዝርት ትፈትላለች፣ እሱ ይሸምናል። በ1950ዎቹ ደብረ ብርሃን ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሲቆም እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። የፋብሪካው ብርድ ልብስ ገበያችን የደረሰ ጊዜ ጎረቤት ሸማኔዎች ተሰብስበው ለባላባቱ አቤት ሊሉ፣ እንዳይገባ ሊያስከለክሉ ተነሡ። አባቴ አብሯቸው አልሄደም። አንድ ብርድ ልብስ ገዝቶ መጣና ማታ በኩራዝ ክሩን እየመዘዘ ፈታታው። እናቴ «ገንዘቡን አበደበት» ብላ አዘነች። እሱ ግን የትኛው ላይ እንደሚበለጥና የትኛው ላይ እንደሚበልጥ አወቀ። በስስነቱና በርካሽነቱ አይደርስበትም። ዝናብ የማያስገባ፣ እረኛ ተራራ ላይ ለብሶት የሚያድር ወፍራም ባና ግን ፋብሪካው አይሠራም። ከዚያ በኋላ ጥቂት ሸመነ፣ ወፍራም ሸመነ፣ በደህና ዋጋ ሸጠ። ሁሉም ሸማኔ እንደዚያ አልቀናውም፤ ብዙዎቹ ሥራውን ትተዋል፣ የደረሰላቸውም የለም። ፋብሪካ ሲተከል እጁ ለፈታው ሰው ሌላ ሙያ ማስተማር የመንግሥት ግዴታ ነው ብዬ የማምነው እነሱን ስላየሁ ነው።

አሁን ወደ ገብሱ ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ የምፈልገው እሱን ነው።

ደጋችን ገብስ ያበቅላል። ድሮ ለእንጀራ፣ ለቆሎ፣ ለበሶና ለጠላ ነበር። ዛሬ ከተማችን አካባቢ ዳሸንና ሐበሻ ቢራ ፋብሪካ አላቸው፤ ቡርትማልት የተባለው የብቅል ኩባንያም ደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ ገብቷል። አገራችን ለቢራ የሚሆን ብቅል በዶላር ከውጭ ስታስገባ ብዙ ዓመት ስለኖረች ይህ መምጣቱ ደስ ያሰኘኛል። አንድ ገዢ የነበረው ገበሬ ሁለትና ሦስት ሲያገኝ ዋጋው ከፍ ይላል፤ አይቼዋለሁ።

የብቅል ገብስ ግን እንደ ቆሎ ገብስ በዓይን ብቻ አይሸጥም። ፍሬው ሙሉና እኩል መሆን አለበት። ነፍስ ሊኖረው ይገባል፤ ብቅል ማለት ገብሱን አብቅሎ ማድረቅ ነውና እርጥብ ጎተራ ውስጥ የሞተ ፍሬ ዋጋ የለውም። ፕሮቲኑም ከልክ ማለፍ የለበትም። ገበሬው ምርት እንዲጨምርለት ዩሪያ ሲያበዛ ፕሮቲኑ ይወጣል፣ ቢራ ጠማቂው አይፈልገውም። ይህን ማን ነገረው? አብዛኛውን ጊዜ ማንም። አሥር ኩንታል ጭኖ መጥቶ «ፕሮቲኑ አልፏል» ተብሎ ይመለሳል፣ ወይም በቅናሽ ይሸጣል። መለኪያው ያለው በገዢው እጅ ብቻ ነው። የእኔ የማታ መዝገብ መልኩን ቀይሮ መጣ ማለት ነው፤ ቁጥሩን የሚያየው አንድ ወገን ብቻ ነው።

እዚህ ጋ ሥራ አለላችሁ። «ሥራ የለም» ስትሉኝ የማዝነው ለዚህ ነው። አምስት ሆናችሁ በኅብረት ሥራ ማህበር ወይም በግል ተደራጁ፤ የእርጥበትና የፕሮቲን መለኪያ ግዙ ወይም ዩኒየኑን፣ የገበሬ ማህበራቱን ኅብረት፣ አስገዙት። ገበሬው ገብሱን ከመጫኑ በፊት በጥቂት ብር ለኩለት። ወረቀቱን ይዞ ገዢው ዘንድ ሲሄድ ክርክሩ በቁጥር ይሆናል። ሐቀኛ ገዢ ይህን አይጠላም፤ የተለካ ገብስ ሲመጣለት እሱም የመኪና ኪራይና ጊዜ ይቆጥባል። ሚዛኑንም እንደዚሁ። ከገዢው ሚዛን ሌላ ሁለተኛ ሚዛን ባለበት ገበያ ማጭበርበር ይከብዳል።

ደግሞ ለገበሬ ልጆች ሌላውን ልናገር፣ ቅር አይበላችሁ። ኩባንያው ወይም ዩኒየኑ ዘር ሰጥቶ፣ ውል አስፈርሞ ሲያበቃ፣ ምርቱ ሲደርስ በመንገድ ላይ መቶ ብር ለጨመረ ነጋዴ መሸጥ ስርቆት ነው። በ2015 ዓ.ም. የግብርና ምርት ውል አዋጅ ወጥቷል፤ አንብቡት፣ ለአባቶቻችሁም አንብቡላቸው። ስትፈርሙ ግን ዋጋው በአንድ ቁጥር ብቻ እንዳይታሰር ታገሉ። ዝቅተኛው ወለል ይጻፍ፣ የገበያው ዋጋ ከዚያ ከፍ ሲል ውሉም አብሮ ከፍ የሚልበት ስሌት ይጻፍ። ውል የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ ገበሬው ስለከፋ ሳይሆን ውሉ ከገበያው ርቆ ስለቀረ ነው።

ስለ ቴክኖሎጂ ካነሣን የይፋትን ማሾ አስቡ። ሸዋ ሮቢትና ቀወት ላይ ማሾ ሲዘራ ነጋዴው «ፈላጊ የለውም» እያለ ያወርደው ነበር። ማሾ ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ገብቶ በደረጃ መሸጥ ከጀመረ በኋላ ዋጋው በአደባባይ የሚነገር ሆነ። በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህ ገበያ ጉድለት እንዳለው አውቃለሁ፤ ትንሹ ገበሬ በቀጥታ አይገባበትም። ቢሆንም ዋጋን ከማታ ወደ ቀን ማውጣቱን አልዘነጋለትም።

ስልኩም እንዲሁ። ከሁሉ የበለጠ የገበሬ ቴክኖሎጂ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ላለ ዘመድ የሚደወል ጥሪ ነው። በ2013 ቴሌብር መጣ፣ በ2015 ሳፋሪኮም አገልግሎት ጀመረ፣ ኤምፔሳም ተከተለ፤ በ09 ብቻ የኖረው ወጣት ኪሱ ውስጥ 07ም ጨመረ። መፎካከራቸው ጥሩ ነው። የእኔ ጥያቄ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ገንዘቤን ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ መውሰድ እችላለሁ ወይ? ካልቻልኩ ሁለት በረት እንጂ ሁለት መንገድ አልተሠራልኝም። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም በዚህ በኩል የእናንተ ነው፤ የሰው ስልክ ቁጥርና የምርት መጠን ስትሰበስቡ የምትሰበስቡት የሰውየውን ጓዳ ነው።

ቴክኖሎጂ ላይ ብቻም አትደገፉ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ መንገዱም ሲዘጋና ሲከፈት፣ ሥራቸውን ያስቀጠሉት ደብተር የነበራቸው ናቸው። የሰው ዕዳና ብድር በወረቀት ይኑራችሁ።

ፖሊሲ ላይ ሁለት ቅሬታ አለኝ። ውድድርን የሚቆጣጠረው ሥራ ራሱን የቻለ ባለሥልጣን ነበረው፤ አሁን ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃሏል። ንግድን የሚያስተዋውቀውና ነጋዴን የሚዳኘው አንድ ቤት ባይሆኑ እመርጥ ነበር። ሌላው የዋጋ ተመን ነው። ዘይትና ስኳር ላይ ተመን በወጣ ቁጥር ዕቃው ከመደርደሪያ ወደ ጓዳ ሲገባ አይቻለሁ። ከተመን ይልቅ በየገበያው መግቢያ ላይ የዕለቱን የአዲስ አበባ ዋጋ የሚጽፍ አንድ ሰሌዳ ቢቆም ብዙ ጥቅም ነበረው። ወጪውም ጠመኔና አንድ ታማኝ ልጅ ነው።

ለዚያ ወጣት ምን እንዳልኩት ልንገራችሁ። ነጋዴውን ክፉ ነው አላልኩትም። የ1985ቱን መዝገብ ከሣጥን አውጥቼ ስርዞቹን አሳየሁት፣ የሽማግሌውንም ጥያቄ ነገርኩት። «ገንዘብ ያስፈልግሃል፤ ማስታወቂያ ሽጥ፣ ለዩኒየኑ ዘገባ ሠርተህ ሽጥ፣ ገዢው ደመወዝ ቢሰጥህም እንደ ሌላው እኩል በአንድ ሰዓት ያግኝ» አልኩት። መዝገቡን ቀስ ብሎ ዘጋና ሄደ።

ባለፈው የገበያ ቀን ገና ጎህ ሳይቀድ ስልኬ ጮኸ። ዋጋውን ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለሁሉም ለቆታል፤ የተጉለት ባላገር አህያውን ሳይጭን።